አምስቱ ኮከብ የማን ነው?

መጽሐፍ ሲጨርስ ወይም ፊልም አይቶ ሲነሣ ስልኩን አውጥቶ ርእሱን የሚመዘግብና ኮከብ የሚሰጥ ሰው በዝቷል። ጉድሪድስ ለመጻሕፍት፣ ሌተርቦክስድ ለፊልም ነገሩን አቅልለውታል። ልማዱን የሚነቅፉ ሰዎች «ንባብን የሒሳብ መዝገብ አደረጋችሁት» ይላሉ። እኔ ግን ነቀፌታው ሁለት ነገር የቀላቀለ ይመስለኛል። መመዝገብ ሌላ፣ ነጥብ መስጠት ሌላ ነው።

መመዝገቡ የቆየ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1860 ያነበባቸውንና ሊያነባቸው ያሰባቸውን መጻሕፍት በደብተር ሲዘረዝር ኖሯል። ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የተወለደው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንታኝ ደግሞ ማስታወስ አልሆንልህ ቢለው ዘዴ ፈጠረ። ከዓመታት በፊት አንብቦ ኅዳጉን በማስታወሻ የሞላውን መጽሐፍ ጭራሽ እንዳላየው ሆኖ ማንሣቱ ሲደጋገምበት፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ያነበበበትን ጊዜና አጠቃላይ ፍርዱን መጻፍ ያዘ። ስለ ኢጣልያዊው ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጉቺያርዲኒ ያሰፈረውን ፍርድ ልብ ይሏል፤ ይህ ሰው ያን ሁሉ ድርጊት ሲመረምር አንዱንም እንኳ ከበጎነት ወይም ከኅሊና የመነጨ ነው አይልም፣ ምናልባት ሌላውን ሁሉ በራሱ ልክ ሰፍሮት ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። ይህን የመሰለ ፍርድ በስንት ኮከብ ይገለጻል?

እንግዲህ እንጠይቅ። ኮከቡ የሚለካው ምንን ነው? መጽሐፉን ነው ካልን፣ መጽሐፉ ያው ሆኖ ሳለ ያው አንባቢ ከዓመታት በኋላ ሌላ ነጥብ ሲሰጠው ምን እንበል? የአንባቢውን ስሜት ነው ካልን ደግሞ፣ ቀን ያልተጻፈለት ስሜት የማን ስሜት ነው?

«ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ እናንሣ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በወጣትነቱም በጎልማሳነቱም ያነበበው ሰው ጥቂት አይደለም። አንዱ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለፍቅረኞቹ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሶ አምስት ኮከብ ሰጠ እንበል። በአርባ ዓመቱ ሲመለስበት ልቡን የያዘው ሌላው ባለ ታሪክ ጉዱ ካሳ ነው፤ የፍቅሩን ገጽ ቶሎ ቶሎ እያለፈ ሙግቱን እየደጋገመ አነበበ፤ አሁንም አምስት ሰጠ። መዝገቡን የገለጠ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አያይም። አምስትና አምስት እኩል ነውና። ነጥቡ ቢለያይስ ቢያንስ አንድ ነገር እንደተለወጠ በጠቆመን ነበር፤ ሲገጥም ግን ለውጡን ጨርሶ ይሸፍነዋል።

ሌላም ችግር አለ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የኮከብ ነጥቡን ትቶ በአውራ ጣት ምልክት ተካው። ኩባንያው ካየው ነገር አንዱ፣ ተመልካቾች ለቁም ነገረኛ ዘጋቢ ፊልም ብዙ ኮከብ እየሰጡ፣ ማታ ማታ ግን የሚከፍቱት ቀለል ያለውን ኮሜዲ መሆኑ ነው። ሰው ነጥብ ሲሰጥ የወደደውን ብቻ ሳይሆን ሊወደው ይገባኛል የሚለውንም ይጽፋል። ማንም በማያየው የግል ደብተር ይህ ይቀራል የሚል ካለ አልስማማም። ወደፊት ደብተሩን የሚገልጠው ራሱ ባለቤቱ አለ፤ እሱንም ማስደሰት ያምረናል።

«በሺህ ከሚቆጠር ፊልም መካከል ለወዳጄ አንዱን ልምረጥ ስል ቁጥር ይረዳኛል» የሚል ሰው እውነት አለው። ለመምረጥ ይረዳል፤ ለማስታወስ ግን አይበቃም። ደግሞም (ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው) ጀምረን የተውነው መጽሐፍ ነጥብ የለውም፤ ለምን እንደተውነው ግን ስለ እኛ ብዙ ይናገራል።

ስለዚህ ደብተሩን አትጣሉት። ርእሱን፣ የጨረሳችሁበትን ወይም የተዋችሁበትን ቀን፣ ከሥሩም ያልተስማማችሁበትን ወይም የያዛችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ኮከቡን ተዉት።