ልጆቻችን ከማን ይማራሉ?



በየጁቤም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ብዙ ወላጆችን የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ አለ። ልጅ በእጅ ስልክ ወይም በጌም ቤት ሰው እየተተኮሰበት የሚወድቅበትን ጨዋታ ሲጫወት ይውላል፤ ይህ ልጅ ነገ ጨካኝ ይሆን?

ሊቃውንት በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው፥ ጨዋታው እንደ መጮኽና መገፍተር ካለው የቁጣ ጠባይ ጋር መጠነኛ ግንኙነት አለው፤ ነፍስ እስከ ማጥፋት ያደርሳል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ልጆቻችንን በነፍሰ ገዳይነት ልንጠረጥራቸው አይገባም። በገና በዱላ የተጋጨ፥ በቡሄ በጅራፍ የተጋረፈ ልጅ ሁሉ ሽፍታ አልሆነም።

ይሁን እንጂ ወንጀለኛ የማያደርግ ነገር ሁሉ ነፍስን አይጎዳም ማለት አይደለም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ የወዳጁን የአሊጲዮስን ነገር ይተርካል። ይህ ወጣት ሰዎች እየተጋደሉ የሚሞቱበትን የሮማ ትርኢት ይጸየፍ ነበር። ጓደኞቹ ጎትተው በወሰዱት ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሕዝቡ ሲጮኽ ግን ገለጠው፤ ደሙንም አየ፤ ከዚያ ወዲያ ሌሎችን ጎትቶ የሚወስድ እርሱ ሆነ። አሊጲዮስ ማንንም አልገደለም፤ ነገር ግን የሰው ሞት አስደሰተው። እኛም የምንፈራው ይህንን ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 በመዝናኛ ስም ጥቃትን የሚያሞግሱ ጨዋታዎችን በብርቱ የነቀፉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እዚህ ላይ እኛ አዋቂዎችም ራሳችንን እንመርምር። አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፥ አሻንጉሊት ሲደበደብ ያዩ ሕፃናት እነርሱም ያንኑ ደበደቡ። ደብዳቢው አዋቂ ሰው ነበረ። በእኛ አገርስ? አባቱ የተገደለበት ሕፃን ከልቅሶው ቀን ጀምሮ ደም መመለስ እንዳለበት እየሰማ ያድጋል፤ ካልመለሰ ወንድ አይደለም ይባላል። በ2015 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ልጆች የተኩስ ድምፅ የሰሙት ከስልክ አይደለም። ታዲያ ስልኩን ቀምተን ማታ እሳት ዳር ገዳይን እያሞገስን ብንቀመጥ ለልጁ ምን አተረፍንለት?

መምህራን ሆይ፥ ልጆቹን ከመቆጣታችሁ በፊት ስለሚጫወቱት ጠይቋቸው፤ አጠገባቸውም ተቀምጣችሁ እዩ። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። አንድ እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ጋብዟቸው፤ የገዳይና የሟች ወገኖች እንዴት ታርቀው በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጡ ለልጆቹ ይንገሯቸው።