ሺህን ተውና በእልፍ ቁጠር

ልጄ፣ ቻይንኛ ተምረህ ከድንጋይ ጥርባ ሥራ ለመውጣት፣ በአስተርጓሚነት ለመቀጠር አስበሃል አሉ። ደግ አሰብክ። ሰላምታው አያስቸግርህም፤ የሚያስቸግርህ የገንዘብ ንግግር ነው።

እኛ ዐሥር ሺህ፣ መቶ ሺህ እያልን ሚሊዮን እንደርሳለን። ቻይናዎች ግን ዐሥር ሺህን በራሱ ስም ዋን ይሉታል። ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ በዋን ይቆጥራሉ፦ መቶ ሺህ ዐሥር ዋን፣ ሚሊዮን መቶ ዋን ነው። መቶ ሚሊዮን ሲደርሱ ዪ የሚል ሌላ ስም ያወጣሉ።

ይህ ሊደንቅህ አይገባም። የግእዝ ቁጥር የተማረ ሁሉ ፼ን ያውቃታል፤ እልፍ ናት፣ ዐሥር ሺህ። ሚሊዮን ፻፼ ተብሎ ይጻፋል፣ መቶ እልፍ። መቶ ሚሊዮን ደግሞ ፼፼ ነው፤ የቻይናው ዪም ዋን በዋን ሲባዛ የሚገኘው ነው። እናንተ ልጆች እልፍን ስፍር ቁጥር ለሌለው ነገር አደረጋችኋት እንጂ ልኳ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ስትተረጉም ሺህን ተወው። 350,000 ብር ሲሉህ ከቀኝ አራት አኃዝ ቆርጠህ ጣል፤ 35 ይቀርሃል፤ ሠላሳ አምስት ዋን በል። ነጠላ ሰረዟን አትመናት፣ እሷ በሦስት በሦስት ነው የምትከፍለው። በምታውቀው ነገር ተለማመድ፦ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ከ60 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከስድስት ዋን በላይ ማለት ነው። 1.4 ቢሊዮን የሚሆነው የቻይና ሕዝብ ዐሥራ አራት ዪ ነው።

ክፉው ወጥመድ ዐሥር ነው። እነሱ ዐሥርን የሚጠሩበት ቃል ለእኛ ጆሮ "ሺ" ይመስላል። "ሺ ዋን" ሲሉህ በአማርኛ ጆሮ ከሰማኸው መቶ ሺህ ብር ዐሥር ሚሊዮን ሆኖ ቁጭ ይላል፤ መቶ እጥፍ! "አንድ"ም እንደ መቶ ሚሊዮኑ ዪ ነው የሚባለው፤ የሚለያቸው ዜማው ብቻ ነው፦ "አንድ" ከፍ ብሎ ይረጋል፣ መቶ ሚሊዮኑ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ጽሕፈቱንም አትናቅ። በተራው ጽሕፈት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰረዝ ነው። ሌባ ሰረዝ እንዳይጨምርበት ሲሉ ቼክና ደረሰኝ ላይ ቁጥሩን ውስብስብ በሆነ ሌላ ፊደል ይጽፉታል። እሱንም አጥና።

ዋጋ ሲጠሩልህ ደግሞ አትፈር፤ በአኃዝ አስጽፍ፣ ለሁለቱም ወገን አሳይ፣ ከዚያ ተርጉም።