መጠይቅ ይዞ የጠፋ እንግዳ

ልጆቼ፣ ጡረታ ብወጣም እግሬ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ አልተወም። ጥቅምት ሲገባ በሩ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ክረምቱን ለኢንተርንሺፕ ወጥታችሁ የምትመለሱትን የማስተርስ ተማሪዎች አያለሁ። ፀሐይ መትቷችኋል፣ ጫማችሁም ገና የመረሬ ጭቃ እንደያዘ ነው፤ ይህ ደስ ይለኛል። ወሬያችሁ ግን ስለ አበሉ፣ ስለ ድርጅቱ መኪና፣ በስልክ ስላነሳችሁት ፎቶ ነው። ዘንድሮ አንዱን «ለመሆኑ መጠይቁን የሞሉልህን ገበሬዎች ተመልሰህ አገኘሃቸው?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ዳታውን እኮ ሰብስቤ ጨርሻለሁ» አለኝ። እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ሐምሌ ለጤፍ ገበሬ ምን እንደሆነ ለእርሻ ተማሪ አልነግርም። መሬቱ ተደጋግሞ ታርሷል፣ ዝናቡ አይጠብቅም፣ ከብቱ ገብቶ ማሳውን መርገጥ አለበት። በዚያ ሰዓት ሰውየው በሬዎቹን አቁሞ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ አጥር ጥግ ይቀመጥላችኋል። ስንት ጥማድ፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ዶሮ እያላችሁ ታደክሙታላችሁ። ሚስቱ ቆሎ ታቀርባለች። ስትነሱ «ውጤቱን እናሳውቅዎታለን» ትላላችሁ። ማንም አላስገደዳችሁም፤ መጠይቁ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያተማችሁትም እናንተው ናችሁ። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ሕዝብ ደጅ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ቀላል ነገር ይመስላችኋል?

ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ትሕትናው አይፈቅድለትምና አያባርረውም፤ ቶሎ የሚገላግለውን ቁጥር ይነግረዋል። ግብር ከፈራ ያሳንሰዋል፤ ማዳበሪያ ይመጣል ብሎ ካሰበ ደግሞ ሌላ ይለዋል። ከዚያ እናንተ ያንን ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ከትታችሁ ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስተኛው አሃዝ ድረስ ታሰሉታላችሁ።

ቁንጮ ስለተባለው የጤፍ ዝርያ ክፍል ውስጥ ሰምታችኋል፤ የሰማችሁት ግን ግማሹን ነው። የጤፍ አበባ ደቃቅ ነው፣ ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይከፈታል፤ ይህ እስኪታወቅ ድረስ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። መንገዱን የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ አገኙት። እሱ የሙያው ወገን ነው። ሌላው ወገን ገበሬው ነው፤ ዱከም የተባለው ዝርያ ምርቱ ይበልጣል ቢባልም ማኛን አልለቅም አለ፤ ማኛ ነጭ ነውና ገበያ ላይ ዋጋ ያወጣል። ይህን «ልማድ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ምርጫው ስለተሰማ ሁለቱ ተዳቀሉ፣ ገበሬውም ማሳ ላይ ተጠርቶ መረጠ፣ በ1998 ዓ.ም. ነጭም ምርታማም የሆነው ቁንጮ ወጣ። ተመልሶ የሄደ ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

በእኛ ጊዜ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኞቻችን አስተማሪ ሆነን። ቤት ያከራዩኝ እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ግቢ እንደተመለስኩ ደብዳቤ ላክሁላቸው። መልሱን ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱን አስጽፈው ሰደዱልኝ፤ የላሚቱን መውለድ ጨምሮ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ሞልቷል። መጨረሻው ላይ፣ «ስለ ጤናህ ጽፈሃል፣ ስለ ትምህርትህ ግን ዝም ብለሃል፤ ሰንፈህ ይሆን?» ይላል። ልጁ አንድም ሆሄ አልሳተም። ነፍሳቸውን ይማር፣ እሳቸውን ሳስብ ዛሬም ፈገግ እላለሁ።

የዘመኑ ናፍቆት አስለፈለፈው አትበሉኝ። ያኔም ከገጠር ተመልሶ «መሬት ለአራሹ» እያለ ሌሊቱን ሲከራከር የሚያድር፣ ቤቷን ላካፈለችው ሴት ግን አንድ መስመር ያልጻፈ ሞልቶ ነበር። ጌታችን ካነጻቸው አሥር ለምጻሞችም ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነው፤ ያውም ባዕዱ። የእናንተ ግን በቁጥርም ባሰ።

ሌላውን ባጭሩ ልበል። ማስታወሻችሁን ሳይቀዘቅዝባችሁ ጻፉት። በክረምቱ ያገኛችሁትን ገንዘብ በጥቅምት አትጨርሱት። ሦስት ወር ቢሮ ስለዋላችሁ መምህራችሁን «ቲዎሪ ብቻ ነው የሚያውቀው» ማለት ነውር ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጥር ላይ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ሂዱ። አድአ የሠራችሁ እንደሆነ ከቃሊቲ ሚኒባስ ነው፣ በበጀት አታመካኙ። ቲሲሳችሁን ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ አንዲት ገጽ በቋንቋቸው፣ እዚያ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ቁጥሩ ካልተዋጠላቸው ይነግሯችኋል፣ አርሙት። አማካሪያችሁ «ጊዜ ማባከን ነው» ካላችሁ ስሜን ጥሩለት፤ እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።