የቤታችን ሥርዓትና ክርስትናችን

ሥርዓት የሚለውን ቃል በጉባኤያችን ደጋግመን እንሰማዋለን። የቅዳሴ ሥርዓት፣ የጾም ሥርዓት፣ የማኅሌት ሥርዓት እንላለን። ቃሉ ሠርዐ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙም ደነገገ፣ መደበ፣ በየተራው አኖረ እንደ ማለት ነው። ይህንኑ ቃል ወደ ጓዳችን፣ ወደ መኝታችንና ወደ ልብስ ማስቀመጫችን ስናስገባው ግን ነገሩን እንደ ቀልድ የሚያዩት አሉ። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው እንጂ የቤት ምንጣፍን አይደለም» የሚሉ ወንድሞችም አይጠፉም። ለመሆኑ እንዲህ ማለት ተገቢ ነውን?

በቅድሚያ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንመልከት። ጌታችን በምድረ በዳ አምስት ሺውን ሕዝብ ከመመገቡ በፊት መቶ መቶና ኀምሳ ኀምሳ እየሆኑ በሣሩ ላይ በረድፍ እንዲቀመጡ አድርጓል (ማር. 6፥39-40)። ከጠገቡም በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ አንድም ሳይባክን እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐ. 6፥12)። ከአምስት እንጀራ ሺዎችን ማጥገብ የሚችል አምላክ ስለ ፍርፋሪ ማሰቡ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀን የትንሣኤው ማለዳ ነው። ጴጥሮስ ወደ መቃብሩ በገባ ጊዜ የራሱ ጨርቅ ከሌላው የተልባ እግር ልብስ ተለይቶ፣ ለብቻው ተጠቅልሎ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ነበር (ዮሐ. 20፥7)። ሞት ድል በተነሣበት በዚያ ሰዓት እንኳ ጨርቅ እንደ ነገሩ አልተጣለም። እኛ ታዲያ ለአንድ ፈተና ወይም ለአንድ ቀጠሮ ቸኩለናል ብለን ቤቱን የጦር ሜዳ አስመስለነው ስንወጣ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ሥርዓትን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከአገራችን ሰውም መማር ይቻላል። አምቢኮ ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚሄዱ መንገደኞች የሚያድሩበት መንደር ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ አልፎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ፣ መሸሃ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ አምቢኮ የሚወጣውን ባለ በቅሎ እንመልከት። ጭነቱን ከማንሣቱ በፊት ግራና ቀኙን በእጁ ይመዝናል። አንዱ ወገን ከከበደ ዳገቱ ላይ ጭነቱ ያዘማል፤ የበቅሎዋም ጀርባ ይገጠባል። ማታ ቀድሞ የሚፈለገው ዕቃ ከላይ ይታሰራል፤ በዚያ ብርድና ጨለማ ጭነቱን ሁሉ ፈትቶ ክብሪት መፈለግ አይቻልምና። ይህ ሰው የቤት አያያዝ ትምህርት በክፍል ውስጥ ተቀምጦ አልተማረም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ዕቃ የሚደለደለው ለዓይን እንዲያምር ሳይሆን ለሚሸከመው ፍጡር በማዘን መሆኑን ነው። በእኛ አስተያየት የክርስቲያን ሥርዓት መሠረቱ ይኸው ነው።

የደጋው ጎጆም እንዲሁ ነው። ለማያውቀው ሰው ጠባብና ጭስ የበዛበት ቢመስለውም መደቡ፣ ምድጃው፣ የገብሱ ጎታ፣ የከብቱ ማደሪያ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ዛሬ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራትና የእጅ ስልክ በብዙ ቤት ገብቷል እንጂ እናቶቻችን ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስባቸው ኩራዙንና ክብሪቱን በዳሰሳ ነበር የሚያገኙት። እንግዲህ ሥርዓት የባለጠጎች ነገር ነው የሚለውን አንቀበልም። (እንዲያውም ቁም ሣጥኑ የሞላለት ሰው ነው የሚለብሰውን አጥቶ ጧት ጧት የሚጨቃጨቀው።)

ይሁን እንጂ ቤት የሌለውስ? በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በጦርነቱ ምክንያት ከአዲአርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደባርቅ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ሲያድር የአንድ ሰው ቤት ማለት አንድ ምንጣፍና አንድ የልብስ ጥቅል ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ጀሪካንን ከመተላለፊያ ላይ ማንሣት፣ ጥቅልን ወደ ግድግዳ መጠጋት፣ ለጎረቤት ሕፃን መተኛ መልቀቅ ነው። በዚያ መከራ ውስጥ ላለ ሰው ስለ ንጽሕና ለመስበክ አፋችንን ባንከፍት ይሻላል፤ ውኃ ይዞለት መሄድ ይቀድማል።

አንዳንድ ወገኖች ማርታን ያነሡብናል። እውነት ነው፤ ጌታችን ማርታን ገሥጿታል (ሉቃ. 10፥41)። ነገር ግን የተገሠጸችው ስለ ሠራች ሳይሆን በብዙ ነገር ስለ ታወከች ነው። የተጠረገና ያጌጠ ነገር ግን ባዶ የሆነ ቤትም የክፉ መናፍስት ማደሪያ እንደሚሆን ተጽፎልናል (ማቴ. 12፥44)። ስለዚህ ሥርዓት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ሲኒው ከቦታው ተዛወረ ብሎ ቤተ ሰቡን የሚያስለቅስ፣ ራሱ ግን የበላበትን ሳሕን የማያነሣ አባወራ አለ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሰላም ግን የለውም። እንዲህ ያለው ሥርዓት አለንጋ ነው እንጂ ክርስትና አይደለም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ደግሞ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚባለው ይደርስብናል። ለመዝሙር የሚለብሰውን ነጭ ልብስ አጣጥፎ ይዞ የሚመጣ ወጣት በቤቱ ካልሲውን በደጅ፣ መጽሐፉን በምድጃ ዳር ይጥላል። የምታነሣው እኅቱ ናት። ለምን ቢባል የወንድ ሥራ አይደለም ይላል። በወንዶች ገዳም ታዲያ ማን ይጠርጋል? አባ ጳኩሚስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ የአንድነት ገዳማትን ሲመሠርት የእጅ ሥራውን ለመነኮሳቱ በየቤታቸው ደልድሎ ነበር። ከስሜን ተራሮች ግርጌ በቆላው ባለው በዋልድባም አባቶች እህል ሳይቀምሱ የሚመገቡትን ቋርፍ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ጌታችንም በአንድ ኃጢአተኛ መመለስ በሰማይ የሚሆነውን ደስታ ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው መብራት አብርታ ቤቷን የምትጠርግ ሴትን ነው (ሉቃ. 15፥8)። መጥረጊያ መያዝ ክብር ይቀንሳል የሚለው አባባል ከአባቶች የመጣ አይደለም።

ነገሩ ከጉባኤያችንም ጋር የሚገናኝ ነው። ስም ሲጠራ ደጋግመው «ቀሪ» ከሚባሉት መካከል እኅቶች ይበዛሉ። ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በቤት እንግዳ ተቀምጧል፣ ሊጡ ቦክቶ ይጠብቃል፣ ውኃው ገና አልተቀዳም። ወንድሟ ልብሱ ታጥቦለት፣ ቁርሱ ቀርቦለት በሰዓቱ ደርሶ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። የእርሱ ሰዓት አክባሪነት በእርሷ ጀርባ ላይ የተጫነ ነው፤ ባለ በቅሎው ቢያየው ኖሮ ጭነቱ አዝሟል ባለ ነበር። መዝገቡ ግን እርሱን ትጉህ፣ እርሷን ሰነፍ አድርጎ ይጽፋል። በመሆኑም ከእንግዲህ አንዲት እኅት በጉባኤ ስትታጣ መዝገብ ያዣችን «ቀሪ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ከፊት የተቀመጠውን ወንድሟን «ውኃው ተቀድቷል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅልን፣ ተጨማሪ ድካም መሆኑን ብናውቅም፣ በትሕትና እናሳስባለን።