ፍሬኑ የማን ነው?

ከወልድያ ወደ ድልብ አቀበቱን የወጣ ሾፌር፣ ሲመለስ የሚያስጨንቀው ከሞተሩ ይልቅ ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘይት ሲቆይ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሸራው በግለ ጊዜ ያ ውኃ ፈልቶ ተን ይሆናል፤ ፔዳሉም ባዶ ይረገጣል። በውጭው ዓለም፣ ፈጣን መኪናውን ይዞ በተዘጋ የእሽቅድምድም ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ጀማሪም ምክሩ ይኸው ነው፦ ጉልበት ከመጨመርህ በፊት ዘይቱን ለውጥ፤ ሸራውንና ጎማውን እይ።

ልዩነቱ ግን ወዲህ ነው። እዚያ የገባ ሁሉ አደጋውን ፈቅዶ ገብቷል። በመርሳ የገበያ ቀን አህያዋን እየነዳች አስፋልቱን የምታቋርጠውን የሀብሩ ገበሬ ማን ጠየቃት? የራስን ነፍስ ማስያዝ ድፍረት ይባል ይሆናል፤ የሌላውን ሳያስፈቅዱ ማስያዝ ግን ስርቆት ነው። እንግዲህ ቁልቁለቱን ሳንጀምር ዘይቱን እንይ፤ ፍሬኑ የእሷም ነውና።