መድን ከፍሎ መከልከል፦ ሶብር ወይስ ዝምታ?

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ታክሲ እየነዳ የሚኖር አብሮ አደጌ ባለፈው ዓመት ደውሎ አንድ ደብዳቤ አነበበልኝ። ባለቤቱ ጀርባዋን ታማ እግሯ እየደነዘዘ ስለመጣ ሐኪሟ የኤም.አር.አይ ምርመራ አዘዘላት። የጤና መድን ድርጅታቸው ግን “ለሕክምና አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም” በማለት አልከፍልም አለ። ወርኃዊ ክፍያውን አንድም ጊዜ አላጓደለም። “ምን ይሻለኛል?” ሲለኝ “ሶብር አድርግ ወንድሜ፣ ከእነሱ ጋር ተሟግተህ አትዘልቀውም” አልኩት። ይህ ምክሬ ትክክል ነበርን?

እንደሚታወቀው ቀደም ሲል በአሜሪካ በግሉ መድን ሊገባ የመጣን ሕመምተኛ ድርጅቶቹ አንቀበልም ማለት ይችሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሪቱ ምክር ቤት ባካሄደው ምርመራ፣ ሦስት ድርጅቶች በ5 ዓመት ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ውሎችን ሰርዘው 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከመክፈል እንደዳኑ ታውቋል። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 የፈረሙት ሕግ፣ ማጭበርበር ካልተገኘ በቀር እንዲህ ያለውን ስረዛ ከለከለ። ከ2014 ጀምሮም በሕመሙ ምክንያት ሰውን መመለስ ቀረ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች መድን አገኙ። ይህ ሊካድ የማይገባው መልካም ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ እምቢታ ከመግቢያው በር ቢባረርም ከክፍያው መስኮት አልተነሣም። በ2023 በፌዴራሉ የመድን ገበያ የሚሸጡ ድርጅቶች፣ ከእነሱ ጋር ውል ካላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ከቀረበላቸው 100 የክፍያ ጥያቄ 19ኙን ውድቅ አድርገዋል። ሁሉም ግፍ ነው ማለቴ አይደለም። የጋራ ገንዘብ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ እድራችንም ቢሆን ከደንቡ ውጭ ለመጣ ጥያቄ አይሆንም ይላል። ነገር ግን የእድሩ ዳኛ ሲከለክል የተረፈው ገንዘብ እዚያው የአባላቱ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ለትርፍ የቆመ ድርጅት ሲከለክል ግን የዳነው ገንዘብ ለማን ነው? ፈራጁና ተጠቃሚው አንድ ሲሆን፣ ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል?

የእስልምና ሊቃውንት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በንግድ መድን ላይ ያነሡት ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ከፋዩ ምን እንደሚያገኝ ሳያውቅ ይከፍላል፤ ይህም ገረር ነው። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጅዳ ላይ የንግድ መድንን ነቅፎ በምትኩ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን የኅብረት መድን የደገፈው በዚሁ ምክንያት ነበር። ለአብሮ አደጌ የገረር ትርጉም በዚያ ደብዳቤ ቤቱ ድረስ መጣለት።

ወደ ምክሬ ልመለስ። ሕጉ ለተከለከለ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል መብት ሰጥቶታል። ድርጅቱ የሕክምና ውሳኔውን ካጸናም ጉዳዩን ገለልተኛ አካል ያያል፤ የዚህ አካል ውሳኔም ድርጅቱን ያስገድደዋል። ነገር ግን በ2023 ይግባኝ የተጠየቀባቸው እምቢታዎች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ሕመምተኛ ምን ጉልበት አለው? ከሥቃዩ ጋር ይታገል ወይስ ከቅጽ ጋር? እኔም በሩቅ ተቀምጬ የሰጠሁት ምክር ይህንኑ ዝምታ የሚያጸና ነበር። ሶብር በሕመሙ ላይ ነው፤ በተነጠቀ መብት ላይ ዝም ማለት ግን ሶብር አይባልም።

አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ምክሬን አልሰማም። በመስጊዳቸው የምትሰግድ አንዲት ነርስ የሐኪሙን ማብራሪያ አያይዛ ይግባኙን ጻፈችለት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ምርመራው ተፈቀደ። ሕመሟም፣ ሐኪሟም፣ ውሉም ያው ነበሩ፤ የተጨመረው የአንዲት እህት የሁለት ሰዓት ድካም ነው። የታመመን መጠየቅ ብርቱካን ይዞ መሄድ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ለምትኖሩ፣ ቋንቋውን ለምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደብዳቤ መጻፍም ከዚሁ ይቆጠራል። ወላሁ አዕለም።