የትከሻው ዕዳ የማን ነው?

ለመሆኑ ለሁላችን ጤና ሲባል በተወጋ ክንድ ላይ ጉዳት ቢደርስ ከፋዩ ማነው? ጥያቄው የሕግ ተማሪዎች ብቻ አይደለም።

እስቲ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ የሚያድር አንድ ኩሊ እናስብ። ይከተባል። መርፌው ከቦታው ከፍ ብሎ ጡንቻውን ስቶ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል። ከክትባት በኋላ ክንድ አንድ ሁለት ቀን ማመሙ ያለ ነው። ይህኛው ግን ለወራት ይቆያል፤ ክንድም አልነሳም ይላል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የአወጋጉ ነው። ለእኔና ለአንተ ትከሻ የደብተር ቦርሳ ማንጠልጠያ ነው፤ ለሱ ግን እንጀራው ነው።

«ተወው ባክህ፣ ነርሷስ ምን ታድርግ? ሰልፉ እስከ በር ነው» የሚል አይጠፋም። እኔም ነርሷ ትኮነን አላልኩም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2067 በሰው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ይካስ ይላል። ድርጊቱ በሕግ የታዘዘ ወይም ራስን ለመከላከል የተደረገ ከሆነ፣ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ብቻ ከሆነ ግን ካሣ የለም። የኛ ሰው ደግሞ በድምፅ ማጉያ ተጠራ እንጂ በሕግ አልተገደደም። እንግዲህ ካሣ ለመጠየቅ የግድ ክፉ ሰው መፈለግ የለብንም ማለት ነው። በበኩሌ ይህን ትልቅ ሐሳብ እለዋለሁ፤ ዕዳና ኃጢአት ለየቅል ናቸው።

ይሁንና ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሕሊና ጉዳት ካሣም በአንቀጽ 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። የዛሬን 1000 ብር እናውቃታለን! ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ማስረጃው ነው፤ «ያመመህ ጆንያው ነው» ቢሉት ምን ይመልሳል?

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሕግ የካሣ ፕሮግራም አቋቋሙ፤ ገንዘቡም ከየክትባቱ፣ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም እየተቀነሰ ይጠራቀማል፤ የትከሻ ጉዳትም በ2017 በዝርዝሩ ገባ። ባለዕዳው እንግዲህ የተከተበው ሁሉ ሆነ ማለት ነው። ለኛም ቢሆን የኮቪድ ክትባት በኮቫክስ በኩል የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲገባ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች የካሣ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ነበር። የሚከፍለው ግን ለሞትና ለዘለቄታ የአካል ጉዳት ነበር። ከዓመት በኋላ የሚድን ትከሻ የት ይግባ? በዚያ ዓመት ውስጥ የኩሊው ልጆች ምን ይብሉ?

አንድ ጓደኛዬ «ይህን ካወራን ሕዝቡ ክትባት ይሸሻል» ብሎ ተቆጣኝ። እንዴ! የሰፈሩ ሰው እኮ ክንዱ አልነሳ ሲል በዓይኑ አይቷል፤ ያላየው ቢኖር «አይዞህ፣ እንክስሃለን» ብሎ የመጣ ሰው ነው።